የ1997ቱ የእድራችን ቃለ ጉባኤ ለምን አይነበብም?

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጡትንም መልሶች በተራቸው የማወራው እኔው ነኝ። ስለዚህ እዚህም እዚያም ለራሴ ባደላ ብዙ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ከቀድሞው ጸሐፊ የተረከብኩት ሦስት ነገር ነው፤ ማኅተም፣ ጠርዙን አይጥ የበላው የእጅ ጽሑፍ መዝገብና በጫማ ክር የታሰረች አንዲት ፍላሽ። በፍላሿ ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዙ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመተዳደሪያ ደንቡና የአባላት ስም ዝርዝር እንዳሉ ተነግሮኛል። ማታ ቤቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተዘራበት ገጽ ወጣ። ከገጹ ሁሉ የሚነበብ ነገር ቢኖር ወደ ግርጌው የተጻፈው 500 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። መዋጮ ይሁን ቅጣት፣ ዕዳ ይሁን ስጦታ የሚናገር አንድ ቃል በዙሪያው የለም።

ተናድጄ ጻፍኩ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ከገባ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታዲያ መሥሪያ ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና የጽሕፈት ሱቆች እስከ ዛሬ በአሮጌ ፎንት፣ ማለትም በድሮው የፊደል ቅርጽ ፋይል፣ የሚጽፉት ለምንድን ነው? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። በዚህ ብበቃ ደግ ነበር። ምክንያቱ የጸሐፊዎቹ ስንፍና ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ላይ ጨመርኩበት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ አስከፈለችኝ።

መልስ 1፦ በአራት ደቂቃ ውስጥ የመጣና ከሁሉም አጭር። ፎንቱን ብጭን እንደሚነበብልኝ ነግሮኝ ሄደ። የትኛውን ፎንት? አላለም። ተመልሶም አልመጣም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከየውይይቱ አንድ አይጠፋም፤ መልሱ ትክክል ነው፣ የሚጠቅም ግን አይደለም።

መልስ 2፦ ጨዋ ሰው ናቸው፤ እርስዎ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ፋይሉን ከፍቼ፣ ጽሑፉን መርጬ፣ ከላይ በፎንቱ ሳጥን ውስጥ የሚታየውን ስም እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ኮምፒውተሬ ፎንቱ ባይኖረውም ፋይሉ ስሙን ይዞ እንደሚዞር አስረዱኝ። ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ሰዓት ግን እኔ ሥራ ቦታ ነኝ፣ ፍላሿ ቤት ናት። ማታ እመልሳለሁ አልኳቸው። ውይይቱ እስከ ማታ አልጠበቀኝም።

መልስ 3፦ ጥፋቱን በኮምፒውተሬ እርጅና ላይ ጣለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን ጠቅሶ አዲስ እንድገዛ መከረኝ። ድጋፉ መቆሙ እውነት ነው። ከእኔ ፋይል ጋር ግን አይገናኝም፤ በአዲሱም ማሽን ላይ ቢሆን የሚወጣው ያው የዶላር ምልክት ነው። ሁለት ሰዎች በላፕቶፕ ዋጋ ላይ ወሬ ሊጀምሩ ሲሉ 4ኛው መልስ ደረሰልን።

መልስ 4፦ ከሁሉም የተማርኩበት ይህ ነው። ጸሐፊው ሥራውን ባይናገርም ፕሮግራም ሲሠራ የኖረ ይመስላል። ኮምፒውተር ፊደል እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ እንደሆነ በመንገር ጀመረ። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ነው፤ ከዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ይሆናል፤ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋና ጓ፣ የግእዝ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። አይበቃም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሠሪዎች የላቲኑን ቁጥር እንዳለ ትተው በላዩ የአማርኛ መልክ ሣሉበት፤ የተረፈውን ደግሞ ሁለተኛ ፎንት ከፍተው እዚያ አስገቡት። እንግዲህ በእድራችን ፋይል ውስጥ ያለው ላቲን ነው፤ አማርኛው የለበሰው ልብስ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ልብሱ ይወልቃል። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሠሪ ልብሱን የሰፋው በየራሱ ልክ ስለሆነ በአንዱ ፕሮግራም ለ የሆነው ቁጥር በሌላው ጨ ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ ያደረገው ለእያንዳንዷ ፊደል ሌላ የማይደረብባት የራሷን ቁጥር መስጠት ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ ስለ ስንፍና ያልኩትን በዝምታ አለፈው። ዝምታው ተሰማኝ።

መልስ 5፦ አራተኛውን አመስግኖ አረመው። ሁሉም ፕሮግራም በሁለት ፎንት አልሄደም፤ አንዳንዱ የግእዙን ፊደል አስቀምጦ ካዕቡንና ሣልሱን የሚለዩትን ቅጥያዎች ለብቻቸው ያስመታ ነበር አለ። ዘዴው ከጽሕፈት መኪናው የተወረሰ ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በማዘጋጀት ስማቸው የሚነሣውን ኢንጂነር አያና ብሩን ጠቅሶ፣ በመኪና የተጻፈ ደብዳቤ ላይ የፊደሎቹ እጅና እግር ከአካላቸው እንዴት ፈንጠር ብለው ይታዩ እንደነበር አስታወሰን። እውነቱን ነው። የአባቴ የጡረታ ደብዳቤ ዛሬም ከሣጥን ውስጥ አለ፤ የሉ እጅ ከለ ጎን ተነጥላ፣ እንደማታውቀው ሰው ቆማለች።

መልስ 6 እና 7፦ ጠብ። ስድስተኛው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 መሆኑን ጻፈ። ሰባተኛው፣ በ1999 የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው እርሱ ነው ብሎ ተቃወመው። ስድስተኛው መረጃ እንዲያጣራ መከረው። ሰባተኛው ምክሩን ለሰጪው መለሰለት። ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ አንተ መባባል ጀምረው፣ ስለ ትምህርት ደረጃ ሊነሣ ሲል አንድ ሰው ጣልቃ ገብቶ የሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ጠየቀ። ስድስተኛው የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ነው፤ ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሰባተኛው የሚቆጥረው በእኛ ነው፤ ቪስታ ለሕዝብ የተሸጠው በጥር 1999 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይቅርታ የጠየቀ የለም።

መልስ 8፦ ከባሌ ነኝ አለ። ከቪስታ ጋር የመጣው ፎንት ኒያላ መባሉን ሲያይ፣ ስሙ የተወሰደበት እንስሳ በአማርኛ የደጋ አጋዘን እንደሚባል፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ እንደማይገኝና በአሥር ሳንቲማችን ላይ እንደተቀረጸ ነገረን። ከርእሱ ውጭ ነው። ግን አሥር ሳንቲም ፍለጋ መሳቢያ የከፈትኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ከሥሩ አራት ሰዎች ሳንቲሙን ፎቶ አንሥተው ለጥፈዋል።

መልስ 9፦ የፈራሁት መጣ። በአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ባለ የጽሕፈት ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈች ሴት ናት። ስንፍና ያልኩትን ቃል ከፊት አስቀምጣ፣ ቀኗን ነገረችኝ። የምትከፈለው በገጽ ነው። ከጀርባዋ ማመልከቻውን በእጁ የያዘ ሰልፍ አለ፤ ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ባለጉዳዩ በቃሉ ይነግራታል፣ እርሷ ታቃናለች፣ ትጽፋለች። ኪቦርዱን አታየውም። በላዩ የተለጠፉት የፊደል ምልክቶች ድሮ ተፍቀው አልቀዋል፤ ጣቶቿ ግን እያንዳንዷን ፊደል ከነቤቷ ያውቃሉ። የሱቁ ባለቤት አንድ ጊዜ አዲሱን አጻጻፍ፣ በላቲን ድምፅ እየነኩ አማርኛ የሚያወጣውን፣ ጭኖላት ነበር። በአሥራ ሁለት ደቂቃ የምታወጣው ገጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ቀን ያገኘችው ገንዘብ ለምሳ አልበቃትም። በማግስቱ አሮጌውን አስመለሰች። በዚያ ላይ ጠበቆቹ የሚያመጡት ውል ሁሉ በድሮው ፎንት የተጻፈ ነው፤ ሁለት አንቀጽ ለማሻሻል አርባ ገጽ እንደ አዲስ ጻፊ ሊሏት ነው? ከእኔ ወገን ሆኖ ይህን ወጪ የሚከፍል ካለ ነገ ጠዋት እቀይራለሁ ብላ ጨረሰች።

እኔ የምከፍለው አልነበረኝም።

መልስ 10፦ ለእኔ ጥብቅና የቆመ መስሎት አባሰብኝ። አንቺ እያለ፣ ያልተማረ ከሥራው እንዲለቅ፣ ዓለም የእርሷን ጣት እንደማይጠብቅ፣ አገሪቱን ወደ ኋላ የሚጎትቱት እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደሆኑ ጻፈባት።

መልስ 11፦ ሴትየዋ በሁለት መስመር መለሰችለት። የፊደላችንን ክብር የሚያስተምራት ሰው መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር አማርኛውን በላቲን ፊደል እንደጻፈው አሳየችው። እውነት ነው፤ አንድም የግእዝ ፊደል አልነበረበትም፤ ሁላችንም ስናነበው ልብ ያልነው የለም። ከዚያ በኋላ በዚህ ርእስ ሥር አልታየም።

መልስ 12፦ የማተሚያ ቤት ሰው። ለሴትየዋ አግዞ የራሱን ጨመረ። ብዙ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች መጽሐፍና የሠርግ ጥሪ የሚያቀናብሩት ለረጅም ዘመን ፔጅሜከር በሚባል የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነበር፤ የመጨረሻው ዋና እትሙ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ዩኒኮድ አያውቅም። ስለዚህ ደራሲው ልቦለዱን በዩኒኮድ አጽድቶ ቢያመጣ እንኳ ማተሚያ ቤቱ ወደ አሮጌው ፎንት መልሶ ይለውጠው ነበር። ወደ ኋላ መለወጥ! እኔ ይህ ሆኖ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከአንዳንድ መጽሐፍ ውስጥ ጓና ቷ እየተዛቡ የሚወጡት በዚህ መመላለስ ነው አለ።

መልስ 13፦ ይህ የእኔ ነው። ስንፍና የሚለውን ቃል ከጥያቄዬ ላይ አነሣሁ፤ ሴትየዋንም እህቴ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ፍላሿ ጋ ገና አልደረስኩም።

መልስ 14፦ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው። እድር በጡሩንባ ይጠራ በነበረበት ዘመን የሞተውን ሰው ስም ያልሰማ ጎረቤት እንዳልነበረ፣ ጡሩንባም ፎንት እንደማያስፈልገው አስታወሱን። የእርሳቸው እድር መዝገብ ዛሬም በእጅ ይጻፋል። ጋሼ፣ እዚህ ላይ የምከራከርዎት የለኝም።

መልስ 15፦ ጡሩንባውን ተከትሎ ወሬው ወደ አጭር የስልክ መልእክት ዞረ። አንድ የሌላ እድር ገንዘብ ያዥ፣ ለአባላት የቀብር ጥሪ በስልክ ሲልክ ለምን ሁለትና ሦስት መልእክት እየተቆጠረበት እንደሚከፍል ይጠይቃል። 4ኛው ተመልሶ መጣና አሰላለት። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል በገባችበት ቅጽበት መልእክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዞርና የሚይዘው 70 ይሆናል። ገንዘብ ያዡ የራሱን ጥሪ ቆጠረ፤ የሟች ስም ከነማዕረጉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ሰዓቱ፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ፣ 118 ፊደል። ሁለት መልእክት መሆኑ ነው። አቶ እና ወይዘሮ የሚሉትን ቢያወጣስ? ለሟች ይህን ማድረግ አልሆነለትም። በላቲን ቢጽፈው ደግሞ እናቶች አያነቡትም። እንዲህ ሆኖ ነው ሰው በላቲን መጻፍ የለመደው አለ 4ኛው፤ ሁሉንም በስንፍና ማስላት ቀላል ነው ብሎ ጨመረ። ይህቺኛዋ ለእኔ ናት፤ ገብታኛለች።

መልስ 16፦ ከሪያድ የጻፈች እህት ናት፤ በሰው ቤት ትሠራለች። በአማርኛ ለእናቷ መጻፍ ትታ በድምፅ መላክ ከጀመረች ቆይታለች። መጀመሪያ የያዘችው ርካሽ ስልክ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው ከአገር ቤት የሚላክላት ጽሑፍ ሁሉ በተርታ የተደረደረ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደርሳት ነበር። ወንድሟ ስለ አንድ ለቅሶ የጻፈላትን ሳጥን በሳጥን የሆነ መልእክት፣ ምን እንደሚል ሳታውቅ፣ ስልክ እስክትቀይር ድረስ ሳታጠፋ አስቀምጣው ነበር። በአዲሱ ስልክ ስትከፍተው ተነበበ፤ ለቅሶው ግን አልፏል። ከዚህ በላይ አልጻፈችም። ለጥቂት ሰዓት የቀልድ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

መልስ 17፦ ደግሞ የእኔ ተራ ደረሰ። አንድ ነገር የማያልፈው ሰው ጥያቄዬን ገልብጦ ወስዶ መርምሮት ኖሯል። አራት ነጥብ ያልኩት በሙሉ አራት ነጥብ አይደለም፤ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቼ ያቆምኩት ነው። ለዓይን ያው ነው። ለማሽን ግን አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር ያለው አንድ ምልክት ነው፤ የእኔው ሁለት የቃል መለያ ነው። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ አራት ነጥብ የሚፈልግ ማሽን አንድም አያገኝም፤ ለእርሱ ጥያቄዬ በሙሉ ማለቂያ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌሎችን በአሮጌ ፎንት የሚከስ ሰው የራሱን ነጥብ ቢያጸዳ እንደሚሻል በትሕትና፣ ማለትም በዚያች በምታቃጥል ትሕትና፣ አሳሰበኝ። ኪቦርዴን አየሁት። አራት ነጥቡ ነበረ፤ አንድ ጣት ወደ ጎን። ስንት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም።

መልስ 18 እስከ 20፦ የሀ፣ የሐና የኀ ነገር፤ ሲነሣ መቼም አይቀርም። አንዱ ድምፃቸው የተደራረበ ፊደሎች ይቀነሱ አለ፤ ሁለተኛው ሠረቀንና ሰረቀን ለይቶ የማያውቅ ይቀነስ አለው፤ ሦስተኛው ፍሬ ያለው ነገር አመጣ። በእርሱ እድር አንድ አባል በአንደኛው ዝርዝር በብዙኃኑ ኃ፣ በሁለተኛው በሃሌታው ሀ ተመዝግቦ ነበር። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አደረገው። አንደኛው ወርኃዊ መዋጮውን ሳያጓድል ይከፍላል፤ ሌላኛው ስምንት ወር ስላልከፈለ ቅጣት ተጣለበት። ሰውየው ቅጣቱን ሲጠየቅ መጀመሪያ የሳቀ፣ ቀጥሎ የተቆጣ፣ በመጨረሻም ከእድሩ ልውጣ ያለ ነው። ያስታረቁት ሽማግሌዎች ሳይሆኑ ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ ቆጥሮ ስሙን በኮምፒውተሩ ላይ የፈለገ አንድ ተማሪ ነው። የፊደሎቹን ክርክር ግን ሦስቱም ትተውት አልሄዱም፤ ሌላ ርእስ ከፍተው እዚያ ቀጥለዋል። ደግ አደረጉ።

መልስ 21፦ ከዋሺንግተን አካባቢ። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ አያነቡም። አያታቸው የሚልኩትን ጽሑፍ ወደ ትርጉም ፕሮግራም ያስገባሉ፤ የጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016 እ.ኤ.አ. ከጨመረ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚግባቡት። አያትየው አንዳንድ ጊዜ ቃሉን ሳያቃኑ ስለሚጽፉ ምርቃታቸው በእንግሊዝኛ የግብርና ምክር ሆኖ እንደሚወጣ ጻፈ።

መልስ 22፦ ከትርጉሙ ተነሥቶ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገባ። አንድ ወጣት፣ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ የተዛባውን ገጽ ለአስተውሎቱ መስጠትና አማርኛውን መቀበል ነው አለ። 4ኛው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ አንዲት የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የኮምፒውተር ማከማቻ ቦታ፣ እንደምትይዝ፣ የላቲኗ አንድ ብቻ እንደሆነች፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፉን የሚቆራርጡበት መንገድም አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይበልጥ እንደሚበጣጥሰው፣ በቁራጭ በሚያስከፍሉትም ዘንድ ለአንድ ዓይነት ሐሳብ እኛ የበለጠ እንደምንከፍል አስረዳ። የተዛባውን ገጽ ሲሰጡት ደግሞ ካላወቀው ዝም እንደማይል፣ ቃለ ጉባኤ የሚመስል ቃለ ጉባኤ ከራሱ ፈጥሮ እንደሚያቀርብ አስጠነቀቀ። ያልተወሰነ ውሳኔ በእድራችን መዝገብ! ወጣቱ አሁንም አላመነም፤ ነገር ግን ሞክሮ ያመጣውም የለም።

መልስ 23፦ ማታ ሆነ። ፍላሿን ከፍቼ የፎንቱን ስም ለጠፍኩ። እዚህ ስሙን አልደግመውም፤ ሠሪዎቹ በዘመናቸው የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋልና የእኔን ምሬት በእነርሱ ላይ ማስቀረት አልፈልግም።

መልስ 24፦ 2ኛው ጨዋ ሰው ቀኑን ሙሉ ጠብቀውኝ ኖረዋል። ፎንቱን ላኩልኝ፤ ጫንኩ፤ ገጹ አማርኛ ለበሰ። ዶላሩ ሁሉ ጠፋ። ቀጥሎም ልብሱን ወደ እውነተኛ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ጠቆሙኝ። በአንድ ሌሊት ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ለወጥኩ። ከዋናው ፋይል ቅጂ ሳላስቀር እንዳልነካው ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል፤ እኔም ለሌላው እንደዚያው አስጠነቅቃለሁ።

መልስ 25፦ የእኔ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የተጻፈ። በተለወጠው ጽሑፍ ውስጥ ፐች የሚባሉ ሰው አገኘሁ። እድሩ ለፐች ቤተሰብ ድንኳን ተክሏል። ለፐች ቤተሰብ ገንዘብ ከፍሏል። በሚያዝያም፣ በሰኔም፣ በሚቀጥለው ጥቅምትም። ስቆጥር ለእኚህ ሰው ቤተሰብ አሥራ አራት ጊዜ ተከፍሏል። የቀድሞው ጸሐፊ ዘመዳቸው ይሆኑ ብዬ ክፉ ክፉውን አሰብኩ፤ እንዲያውም ጠዋት የእድሩን ዳኛ ላነጋግር ወስኜ ነበር። ፐች የሚባል ስም የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 26፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሱቋን ሳትከፍት፣ የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ መለሰች። ፐች ሰው አይደሉም። ሟች ናቸው። በዚያ ፕሮግራም ሟ ያለችው በሁለተኛው ፎንት ውስጥ ነው፤ ሲጽፉ ለእርሷ ሲሉ ይቀይራሉ፣ መትተው ወዲያው ይመለሳሉ። የለወጥኩበት ፕሮግራም ሁለቱን ፎንት እንደ አንድ ስላነበባቸው፣ ያ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት የያዘውን ፐን ሰጠኝ። ሏም፣ ቷም፣ ጧም እንደዚያው እንደሚዛቡ ነግራኝ የትኛው የትኛውን እንደሚሆን በቃሏ ዘረዘረችልኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ፊደል። አንዱንም አልሳተችም። መጀመሪያ በሁለተኛው ፎንት የተጻፉትን ብቻ ፈልጌ በቀለም እንድለያቸው፣ ከዚያ እንድለውጥ አሳየችኝ። 4ኛው ከሥሯ፣ ይህን ሰንጠረዥ ፍለጋ እርሱ ዓመት እንደፈጀበት ጽፎ አመሰገናት። የቀድሞውን ጸሐፊ ደውዬ ሰላም አልኳቸው፤ ለምን እንደደወልኩ አልነገርኳቸውም።

መልስ 27፦ መልስ 3 ተመልሶ ላፕቶፕ ገዛሁ ወይ አለኝ።

መልስ 28፦ የመጨረሻው፣ የእኔው። ብዙዎች 500 ምን እንደነበረ ጠይቀውኝ ነበርና ገጹን እንዳለ ለጠፍኩት። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የተያዘ ቃለ ጉባኤ ነው። የእጅ ጽሑፉ መዝገብ በአይጥ እየተበላ ስለሆነና ለወደፊቱ ለሚመጡት የማይነበብ እንዳይሆን ስለሚያሰጋ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ሁሉም በኮምፒውተር እንዲጻፍ፣ ለጽሕፈትና ለፍላሽ መግዣ 500 ብር ወጪ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ይላል። አይጥ የበላውን መዝገብ ከመሳቢያ አውጥቼ አጠገቡ አስቀምጬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ከጠርዙ በቀር ሁሉም ይነበባል።